ከእግሩ ወይስ ከደረቱ? ስለ አባቴ መንጋጋ የጠየቅሁትና የመጡልኝ 34 መልሶች

ይህን ውይይት የከፈትኩት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። መልሱ 34 ደርሷል። አንዳንዱ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ከነገሩ ወጥቶ ሄዷል። አሁን አሁን በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ የሚልኩልኝ ሰዎች በዝተዋል። የእናቷ ምላስ የታመመባት አለች። የወንድሙን ጉንጭ የሚያስታምም አለ። ለእነሱ ብዬ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች ልተርከው። ስም አልጠራም። ሰዎቹን በመልሳቸው ቁጥር ነው የማነሳቸው።

መነሻ ጥያቄ

አባቴ 54 ዓመቱ ነው። የመንዝ ገበሬ ነው። ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ ጥቂት በጎች አሉት። ከ6 ዓመት በፊት በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋው ላይ አንዲት እብጠት ወጣች። አታመውም ነበር፤ ስለዚህ ዝም ተባለች። እሷ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። ጥርሶቹ ተነቃነቁ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን አምጥቼው ናሙና ተወሰደ። አሜሎብላስቶማ ተባለ።

አሜሎብላስቶማ ካንሰር አይደለም። ጥርስ ከሚሠሩ ህዋሳት የሚነሳ ዕጢ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሄደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ግን መንጋጋውን ከውስጥ እየበላ ይሰፋል። ተፍቆ ብቻ ከተተወ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ያለው ጤነኛ አጥንት ጭምር ተቆርጦ ይወጣል። ለአባቴ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል መንጋጋ እንደሚሄድ ነገሩን።

ከዚያ ጉድለቱን በምን እንሙላው የሚለው መጣ። አንድ ሐኪም ቦታውን በቲታኒየም ብረት አያይዞ፣ ከደረቱ ሥጋና ቆዳ አምጥቶ ማልበስን መረጠ። አዲስ አበባ ያየን ሌላ ቡድን ደግሞ ከእግሩ ቀጭኗን አጥንት ከነደም ስሯ አምጥቶ መንጋጋ ማድረግን መረጠ። አባቴ የእግሩን ነገር ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። ማሳው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ባቄላው ታች ነው፤ ቤቱ ላይ ነው። እግሩ ከተነካ ሰው መሆኑ ያበቃ ነው የመሰለው። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

እኔም ጠየቅሁ። ይህን አይታችሁ የምታውቁ፣ የትኛው ይሻላል? ከእግሩ የተወሰደበት ሰው ዳገት ይወጣል? ከደረቱ የተወሰደበት ሰው ሞፈር ይሸከማል?

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ መላሽ ምርቃት ነው የላከችልኝ። አባቴን እግዚአብሔር እንዲምርልኝ ተመኝታ፣ ፍላፕ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንዳልገባት በትሕትና ጠየቀች። ጥሩ አደረገች። እኔም ቃሉን እየደጋገምኩ በደንብ አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛው ደብረ ሲና አካባቢ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነው። በመስኖ አስረዳን። ግራፍት ከአንድ ቦታ ተገፎ ሌላ ቦታ የሚለጠፍ ቆዳ ነው። የራሱ ውኃ የለውም፤ ከሚያርፍበት መሬት ነው የሚጠጣው። ስለዚህ በባዶ አጥንት ወይም በብረት ላይ አይጸድቅም። ፍላፕ ግን የራሱን ቦይ ይዞ የሚሄድ ገላ ነው። ቆዳ ሊሆን ይችላል፣ ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ አጥንትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ቦዩ ሳይቆረጥ ይዞራል። ከደረት ወደ መንጋጋ የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ ቦዩ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ይሄዳል። ሌላው ቦዩ ጭራሽ ይቆረጥና አንገት ላይ ካለ ደም ቅዳና ደም መልስ ጋር በማይክሮስኮፕ እየታየ ይሰፋል። እሱን ነው ፍሪ ፍላፕ የሚሉት። የሚሰፉት ቧንቧዎች ስፋት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል።

ይህን ለአባቴ አነበብኩለት። ቦይ ሲባል ጆሮው ቆመ። እኛ አገር ውኃ ስለ መቀየስ ለገበሬ አይነገርም፤ ያውቀዋል።

መልስ 3

ይሄኛው የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ ልዩ ሙያውን ገና በመማር ላይ ያለ ሐኪም። በጣም እርግጠኛ ነበር። ለእሱ 9 ሴንቲ ሜትር መንጋጋ በጎደለበት ከእግር አጥንት ሌላ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው። ታሪኩንም ነገረን። አጥንቷ ፊቡላ ትባላለች፤ ከቅልጥም ጎን ያለችው ቀጭኗ ነች። ከነደም ስሯ መዛወር እንደምትችል በ1975 ያሳየው አውስትራሊያዊው ኢያን ቴይለር ነው (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመንጋጋ መሥሪያ ያዋላት ደግሞ አሜሪካዊው ዴቪድ ሂዳልጎ ነው፤ በ1989። እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አጥንት ይገኝባታል። ቦታ ቦታው ላይ ተቆርጣ እንደ መንጋጋ ትታጠፋለች። ወደፊት ጥርስ የሚተከልበት አጥንትም ትሆናለች። ዋናውን ክብደት የሚሸከመው ትልቁ ቅልጥም ነው። ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት በኩል ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከተተወላት መገጣጠሚያው አይላላም።

ሁሉም ትክክል ነበር። ግን የአባቴን እግር አንድ ጊዜም አልጠየቀም።

መልስ 4 እና 5

ይህንኑ ነው 4 የነካችው። ሸዋ ሮቢት የምትኖር፣ ለብዙ ዓመት በነርስነት የሠራች ሴት ነች። ሬዚደንቱን በእናት ቃል ገሠጸችው። አጥንቷ የማን እንደሆነች ረስቶ መናገሩን፣ ከርዝመቷ በፊት የባለቤቷ ሥራ መጠየቅ እንደነበረበት ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አባቴ ቀኑን እንዴት እንደሚውል እንድጽፍ አዘዘችኝ።

ጻፍኩ፤ 5 የእኔ ነው። ከጎህ በፊት ይነሳል። ቁልቁለቱን 40 ደቂቃ ይወርዳል፤ ሲመለስ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሞፈሩን በቀኝ ትከሻው ነው የሚይዘው። ዕርፉን በቀኝ እጁ፣ ጅራፉን በግራው። ቀኝ እግሩ ከ10 ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቆ ተሰብሮ በወጌሻ ታሽቶ ድኗል። ይህን የመጨረሻውን ዝም ብዬ ነው የጨመርኩት። በኋላ ትልቅ ነገር ሆነ።

መልስ 6 እና 7

6 የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ታች ይጭናል። የአባቴ ዓይነት ዕጢ ነበረበት። ከእግሩ አጥንት ከተወሰደ 3 ዓመት አልፎታል። ሐኪሞቹ የትኛውን እግር እንደሚመርጥ ጠይቀውት ነበር። የጣርማ በርን ቁልቁለት አስቦ ፍሬን የሚረግጠውን ቀኙን ትተው ግራውን እንዲወስዱ ለመነ፤ ተስማሙ። ሁለት ሳምንት ያህል በጭንቅ ነበር። በክራንች ጀመረ። በ5ኛው ወር ፍሪሲዮን ረገጠ። የቀረበት የግራ አውራ ጣቱ ወደ ታች አለመታጠፉ ነው፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ይጠዘጥዛል። ዳገት ይወጣል። ስልኩን በውስጥ መስመር ላከልኝ፤ አባቴ ራሱ እንዲደውልለት።

7 ግን ሁሉም እንደዚያ እንዳልሆነ ሊያሳስበኝ ፈለገ። ወንድሙ ከመንጋጋው ይልቅ እግሩ ነው የታመመው። አጥንቷ ጋር የመጣው ቆዳ ሰፊ ስለነበር እግሩ ላይ የቀረው ጉድጓድ በግራፍት ተሸፈነ። ግራፍቱ አልያዘም። 4 ወር ሙሉ ቁስሉ ሲጠረግ ኖረ። ይህን ሊያስፈራራኝ እንዳልጻፈው ደጋግሞ ነገረኝ። አመስግኜዋለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም ቀድሞ አይነግርም።

መልስ 8 እስከ 12

እዚህ ጋ ነገሩ ጋለ።

8 በዞን ደረጃ ባሉ ሆስፒታሎች ብዙ የሠራ የቀዶ ሐኪም ነው። የደረቱ ፍላፕ ጠበቃ ሆኖ መጣ። ፔክቶራሊስ ይባላል፤ ከትልቁ የደረት ጡንቻ ነው። ስቴፈን አሪያን በ1979 ካስተዋወቀው ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ስንቱን እንዳተረፈ ዘረዘረ። ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። በጥቂት ሰዓት ያልቃል። የደከመ፣ ስኳር ያለበት፣ አንገቱ ጨረር የወሰደ ሰው ይችለዋል። አንገት ላይ የተጋለጠ ትልቁን ደም ቅዳ ይሸፍናል። ፍሪ ፍላፕ በከሸፈ ቀንም መጠጊያው እሱ ነው።

9 ሬዚደንቱ ነው። መልሱ ስለታም ነበር። ሥጋ አጥንት አይሆንም። ብረት ብቻውን የቀረበት መንጋጋ እየዋለ እያደረ ብረቱ ሊሰበር ወይም ቆዳውን በስቶ ሊወጣ ይችላል፤ አገጭ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከዚያ 8 ያለፈው ዘመን ሐኪም እንደሆነ የሚያስመስል አንድ ዓረፍተ ነገር አከለ። ባያክል ጥሩ ነበር።

10 ላይ 8 ተቆጣ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ በስልክ ብርሃን ደም አቁሞ እንደሚያውቅ፣ መጽሐፍ ላይ ያለው ሁሉ ዋርድ ውስጥ እንደማይገኝ ጻፈ። ያደገውም የተማረውም እዚሁ እንደሆነ፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተጠራው ከምንም በላይ ሐኪም ከሕዝቡ ጋር ይሁን ተብሎ እንደሆነ እንደሚያምን ጨመረ። 11 ለሬዚደንቱ አግዞ ሌላ ስድብ ቢጤ ወረወረ። 12 ላይ አወያዩ ገብቶ የ11ን ግማሽ አጠፋና ሁለቱን ሐኪሞች አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። የአባትየው መንጋጋ ካንሰር አይደለም፤ ጨረር አይወስድም፤ ሰውየው ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ይህ ምርጫውን ይቀይረዋል ወይ?

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልመለሰም። ጥያቄው ግን ትክክለኛው ነበር። ለ80 ዓመት ሽማግሌ የሚመረጠውና 30 ዓመት ገና ለሚያርስ ሰው የሚመረጠው አንድ አይደለም።

መልስ 13

ይሄ ሰው የደረቱን ፍላፕ በራሱ ገላ የያዘ ነው። የጉንጭ ካንሰር ነበረበት። ሕይወቱን እንዳተረፈለት ደጋግሞ ጻፈ። ቢሆንም ያልተነገረውን ነገረን። ደረቱ ፀጉራም ነው፤ ቆዳው አፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ፀጉሩ ማደጉን ቀጠለ። ምግብ ይይዝበት ነበር። ጨረር ከወሰደ በኋላ ፀጉሩ ቆመ። አንገቱ ላይ ጡንቻው የዞረበት ቦታ እንደ እንጎቻ ጉብ ብሎ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ጎደለ። ቀኝ ትከሻው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ጆንያ አንስቶ ጫንቃው ላይ ማድረግ አቃተው። ሱቅ ነው ያለው፤ ስለዚህ ልጁ ያነሳለታል።

አባቴ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ሞፈሩን የሚሸከምበትን ትከሻ በእጁ ዳበሰ።

መልስ 14

ለእኔ የዚህ ውይይት ልብ ይህ ነው።

14 የመንዝ ሴት ነች፤ የበግ ፀጉር ፈታይ። እሷ የምትፈትለው ነው ባና የሚሆነው። የምላሷ ጎን ላይ ካንሰር ወጣባት። ለምላስ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ከክንድ ውስጠኛ ጎን የሚመጣ ቆዳ ነው። ስስ ነው፣ ይታጠፋል፣ ደም ስሩ ረጅም ነው። በ1981 ከቻይና ሐኪሞች ነው ለዓለም የተሰማው። ሐኪሟም እሱን አስቦ ነበር። ብዙ ጊዜ ከማይሠሩበት እጅ ስለሚወሰድ፣ ከግራ እጇ ሊወስድ ወሰነ። የምትሠራው በቀኝ እጇ እንደሆነ ጠይቆ አረጋግጧል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንዲት ነርስ ሥራዋን ጠየቀቻት። ሴትየዋ በቃል ከመመለስ ይልቅ በባዶ እጇ እየፈተለች አሳየቻት። ቀኟ እንዝርቱን ያሾራል። ፀጉሩን በጣት ጫፍ እየለካ የሚስበው፣ ክሩን የሚያቀጥነው ግን ግራዋ ነው። ለፈታይ ግራ እጅ ሥራ ፈት አይደለም። ከክንድ ሲወሰድ እጅ ላይ የሚቀረው ጠባሳ፣ የጣት መደንዘዝና በብርድ መጠዝጠዝ ለሌላ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ለእሷ እንጀራዋ ነው።

ነርሷ ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም አልተኮራም፤ ተመልሶ መጣ። ከጭኗ ውጭኛ ጎን እንዲሆን ተስማሙ። ይሄም በ1984 ከቻይና የተገለጸ ነው፤ በኋላ የታይዋን ሐኪሞች በሰፊው ሠርተውበታል። ወፍራም ሰው ላይ ጭን ይወፍርና ለምላስ ያስቸግራል። እሷ ቀጭን ነች። ከ8 ሴንቲ ሜትር ስለጠበበ ጭኗ ላይ ግራፍት ሳያስፈልግ በስፌት ብቻ ተዘጋ። አሁን ትናገራለች፤ ር የሚለው ድምፅ ብቻ ያስቸግራታል። ትፈትላለችም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ተቀየረ። የትኛው ፍላፕ ይሻላል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ሊጠየቅ የሚገባው አባቴ በየትኛው ገላው ምን እንደሚሠራ ነበር። ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኛ ግን እሱን ቁርበቱን እንደሚገፈፍ በግ አስቀምጠን እኛው ነበር የምንከራከረው።

መልስ 15

4 ተመልሳ መጣች፤ ሸዋ ሮቢት ያለችው። ስለ ክንድ አንድ ተግባራዊ ነገር ጨመረች። እጅ በሁለት ደም ቅዳ ነው የሚመገበው። አንዷ ከተወሰደች ሌላዋ ብቻዋን መቻል አለባት። ቀድሞ ይፈተናል። በሽተኛው እጁን ይጨብጣል፤ ሐኪሙ የእጅ አንጓው ላይ ሁለቱንም ይጫናል፤ ከዚያ በትንሿ ጣት በኩል ያለችውን ይለቃል። መዳፉ በጥቂት ሰከንድ ካልቀላ ያ እጅ አይነካም። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በዚያ ክንድ ላይ ግሉኮስ አይሰካም፣ ደም አይቀዳም። በእሷ ጊዜ አንድ ተለማማጅ በቀዶ ሕክምናው ማለዳ መርፌ ሰክቶበት ዕቅዱ ሁሉ ተቀይሯል። ቤተሰብም ቢሆን ይህን አይቶ መከላከል ይችላል።

መልስ 16 እስከ 18

16 ሁሉንም ትቼ አባቴን ጻድቃኔ ማርያም እንድወስደው መከረኝ። ቢላዋ ላይ መቸኮሌን ወቀሰ። 17 ሸንኮራ ዮሐንስን ጨመረ። 18 በጣም ተናዳ ነበር፤ እናቷን ጠበል ላይ አቆይታ ዕጢው የሚታከምበት ጊዜ እንዳለፈባት ጻፈች፤ ቃሏ ከረረ።

እኔ መሀል ላይ ነኝ። አባቴ ጻድቃኔ ሄዷል፤ ተጠምቋል፤ ሰላም አግኝቶ ተመልሷል። ቀጠሮውን ግን አላሳለፍኩም። ካህኑ ራሳቸው ሕክምናውን እንዳይተው መክረውታል። 18ን በውስጥ መስመር አጽናንቻታለሁ።

መልስ 19 እና 20

19 ከፍቼ ነው። መጀመሪያ ሁላችንም ሰሜን ሸዋ ስንል መንዝና ደብረ ብርሃንን ብቻ ማሰባችን ቅር እንዳሰኘው ገለጸ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ሌላው በኦሮሚያ፤ ፍቼ የዚያኛው ዋና ከተማ ነች። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ ታሪኩን ነገረን። የእህቱን ልጅ ጅብ ነክሷት አፍንጫዋን አጣች። ከግንባሯ ቆዳ ከነደም ስሩ ዞሮ አፍንጫ ሆነላት። ይህ ዘዴ በጣም ጥንታዊ ነው፤ መነሻው ሕንድ ነው። ችግሩ ሁለት ደረጃ መሆኑ ነው። 3 ሳምንት ያህል ቆዳው ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። አዲሱ ቦታ የራሱን ደም እስኪያበጅ። እናትየው ያን 3 ሳምንት ልጅቷን ቤት ደብቃ አሳለፈች። ሰፈሩ ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ መደበቅ ባላስፈለገ ነበር የሚል ቁጭት አለው። ልጅቷ አሁን ትማራለች።

20 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። በዚህ ተነስታ ኖማ የሚባለውን አነሳች። በምግብ እጥረትና እንደ ኩፍኝ ባለ በሽታ የተዳከሙ ሕፃናት ላይ ከድድ ተነስቶ ጉንጭን በቀናት ውስጥ የሚበላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትኩረት ከተነፈጉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መጀመሪያ ላይ በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይቆማል። የተረፈው ልጅ ግን መንጋጋው ተቆልፎ አፉ የማይከፈት ይሆናል፤ ፍላፕ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የልጅ ድድ ቆስሎ ሲሸት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት ብላ ለመነችን። እኔም እዚህ ደግሜ እለምናለሁ።

መልስ 21 እስከ 25

ወሬው ከመንገዱ ወጣ። 21 የፈታይዋን ጽሑፍ አንብቦ እውነተኛ ባና የት እንደሚገኝ ጠየቀ። 22 የፋብሪካውን ብርድ ልብስ አሞገሰ። 23 ባናና ዝተት አንድ አይደሉም ብሎ ለረጅም አስረዳ። ልሰርዘው አስቤ ነበር። ከዚያ 24 ገብታ ወደ ነገሩ መለሰችው። የማደንዘዣ ባለሙያ ነች። ሰውነት ሲበርደው ደም ስሮች ይሸመቅቃሉ፤ አዲስ የተሰፋች ቧንቧ ደግሞ ይህን አትወድም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ ብርዷን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በሽተኛው ከነፍላፑ ይሞቅ፤ አንገቱን ግን ምንም ነገር አያጥብቀው። ሻሽም ቢሆን፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማሰሪያም ቢሆን። ደም ስሩ የሚያልፈው በዚያ ነው።

25 ቡና አነሳ። ብዙ ሐኪሞች ከፍሪ ፍላፕ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ቡና ይከለክላሉ፤ ስለ ካፌይን ያለው ማስረጃ ጠንካራ እንዳልሆነ ግን እሱ ራሱ አልካደም። ስለ ሲጋራ ግን ክርክር የለም፤ ኒኮቲን ቧንቧ ያጠብባል፣ ቁስል ያዘገያል። አባቴ አያጨስም። ቡናውን ለ5 ቀን ተወ፤ ከእግሩ ይልቅ ለዚህ ነው የተማረረው።

መልስ 26 እና 27

26 ስለ ምግብ ጻፈች። አፍ ውስጥ ያለው ስፌት እስኪድን ምግብ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። የበሶ በጥብጥ ቱቦውን ይዘጋል፤ እናቷ ላይ ደርሷል። በደንብ የተጣራ አጥሚት፣ ወተት፣ የሥጋ መረቅ። ከምግብ በኋላ ቱቦውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማነጋገር።

27 ስለ ወረቀት ነበር። የጤና መድን ያለው ሰው ሪፈሩን ደረጃውን ጠብቆ ካልያዘ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለአንድ ማኅተም ተመላልሶ ያየው ያውቀዋል።

መልስ 28 እና 29

28 የደረቱ ጠበቃ ነው፤ መልስ 8። ከቁጣው ተመልሷል። የአወያዩን ጥያቄ አስቦበት ነው የመጣው። ለእንዲህ ያለ ሰው፣ ማይክሮስኮፕና የለመደ ቡድን ካለ፣ አጥንት በአጥንት መተካቱ እንደሚሻል በግልጽ ጻፈ። የደረቱን ግን ከጠረጴዛው እንዳያነሱት፣ መጠባበቂያ ሆኖ እንዲቀር አደራ አለ። ከዚያ የሁላችንንም ዓይን የከፈተ ነገር አስታወሰ። የአባቴን የተሰበረ ቀኝ እግር። ወደ እግር መዳፍ በተለምዶ ሦስት ደም ቅዳዎች ይወርዳሉ። አንዷ ከፊቡላ ጋር ትወሰዳለች። አንዳንድ ሰው ላይ በተፈጥሮ መዳፉን የምትመግበው እሷ ብቻ ነች። የድሮ ስብራትም ደም ስሮቹን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም እግሮች ደም ስር በሲቲ ስካን ሳይታይ ማንም ቢላዋ እንዳያነሳ።

29 ሬዚደንቱ ነው። ስብራቱን ሳያይ ማለፉን አምኖ 8ን ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት መስመር ብቻ ነች። ወድጃታለሁ።

መልስ 30 እስከ 32

30 የእኔ ነው። ሲቲው ተነሳ። በግራ እግሩ ሦስቱም ይታያሉ። በቀኝ እግሩ አንዷ ስብራቱ ጋ ስትደርስ ትጠፋለች። ቀኙ ተነክቶ ቢሆን ኖሮ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ።

አባቴ ለሹፌሩ ደወለ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ስለ መንጋጋ አንድም ነገር አላነሱም፤ ስለ ዳገት ነው። ሲጨርስ ግራ እግሩን ዘርግቶ አየው፤ ይሁን አለ።

31 ላይ ቀዶ ሕክምናው 11 ሰዓት እንደፈጀ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት መርሳት አልችልም። ነርሶቹ በየሰዓቱ ይመጣሉ። አፉ ውስጥ ያለውን ቆዳ ቀለም ያያሉ፣ ሙቀቱን ይነካሉ፣ ጫን አድርገው ሲለቁት ደም እንዴት እንደሚመለስ ይቆጥራሉ። ገርጥቶ በመርፌ ሲነካ ካልደማ ደም ቅዳው ተዘግቷል። ጠቁሮና አብጦ የጠቆረ ደም ቶሎ ቶሎ ካፈሰሰ ደም መልሱ ነው የተዘጋው። በ19ኛው ሰዓት ጠቆረ። ያየችው ተረኛ ነርስ ነች። እስኪነጋ አልጠበቀችም፤ ደወለች። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መለሱት። ደም መልሷ ውስጥ የረጋ ደም ነበር። አውጥተው እንደገና ሰፏት። ዳነ።

32 ላይ 4 ያቺን ነርስ መረቀቻት። ማይክሮስኮፕ ያለው ግን ሌሊት የሚያይ ሰው የሌለው ዋርድ ፍሪ ፍላፕ ባይሠራ እንደሚሻልም ጻፈች። እስማማለሁ።

መልስ 33 እና 34

33 ከሹፌሩ ነው፤ ከ5 ወር በኋላ። የአባቴን መንጋጋ አልጠየቀም፤ አውራ ጣቱን ነው የጠየቀው።

34 መልሴ ነው። አባቴ ቁልቁለቱን ወርዷል። መጀመሪያ በበቅሎ፣ ቀጥሎ በዱላ፣ ባለፈው ሳምንት ባዶ እጁን። የ40 ደቂቃው መንገድ 1 ሰዓት ወስዶበታል። ለስላሳ እንጀራ በቀኝ በኩል ያላምጣል፤ ጥርስ ገና ነው። ሞፈሩን ዘንድሮ ወንድሜ ነው የያዘው፤ ትከሻው ግን ደህና ነው። የግራ አውራ ጣቱ አይታጠፍም። በረባሶው ቁልቁለት ላይ ከእግሩ እየወጣ አስቸግሮት ነበር፤ ከተረከዙ ኋላ በጠፍር አሰረው።